ጆንያ ውስጥ የከረሙ መኪኖች

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016

አፌ ነው። ሌላ ጠላት የለኝም።

የማታ ትምህርት ቤታችን መምህርት ሰናይት ዛሬ፣ ዓርብ የትምህርቱ መዝጊያ ቀን ስለሆነ እያንዳንዳችን የምንወደውን አንድ ዕቃ ይዘን እንድንመጣና ስለ እሱ የጻፍነውን ቆመን እንድናነብ ነገረችን። ልጅ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች። አንዱ የሠርጌን ፎቶ አመጣለሁ አለ። አንዷ የልጇን ዲፕሎማ። ሃምሳ አለቃ ወርቁ ሜዳሊያውን። እኔስ ዝም ብል ምን ነበረበት? ተነሳሁና፣ «በዓለም ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ብቻ የታተመ የመኪና ፎቶ መጽሐፍ አለኝ፤ ውስጡ ጎማ የሚፈታ ሰው አለ፤ የእኔ ሥራ በውጭ አገር መጽሐፍ ወጥቷል» አልኩ። በዚህ ባበቃሁ። «ሌሎችም አሉኝ፣ ወደ አርባ ይጠጋሉ» ብዬ ጨመርኩበት።

ሰባት ናቸው።

ወርቁ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ አሁን የመሥሪያ ቤት ጥበቃ። «በቄ፣ ከምትነፋው ጎማ የበለጠ የተነፋኸው አንተ ነህ» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህርቷም ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ፊደል የጨረስኩት አምና ነው፣ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ፣ ይህን ወርቁም ያውቀዋል። መምህርቷ የዕለቱን በየዕለቱ ጻፉ፣ እኔ አላነበውም ስላለች ነው እንዲህ ገልጬ የምጽፈው።

መጽሐፎቹ ውሸት አይደሉም። ወገቤ ከመጎዳቱ በፊት ሾፌር ነበርኩ፤ ከቶጎ ውጫሌ ያገለገለ ዕቃ አመላልስ ነበር። ከልብሱና ከማቀዝቀዣው መሃል አልፎ አልፎ ትልልቅ የመኪና ፎቶ መጽሐፍ ይወጣል፤ ወረቀቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ። ድንበር ላይ ዕቃ የሚቆጣጠር አንድ ሰው የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አሳየኝ። ይሄ ቁጥር ያለበት ትንሽ ታትሞ ማተሚያው ይቆማል፣ ዳግመኛ አይወጣም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሌለውን አልነካም። ሌላው ሰው መጽሐፍ ከፊት ይጀምራል፤ እኔ ከኋላ ነበር የምጀምረው፣ ያውም ማንበብ ሳልችል። ከጅጅጋ እስከ ጉናጋዶ ቤተ መጻሕፍት ያለው መሃይም እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንዱ የአሸዋ ላይ ውድድር ነው፤ ከመኪናው አቧራው ይበዛል። ይሄንንስ እዚሁ ደጄ ላይ ቆሜ በነጻ አየዋለሁ። አንዱ መሪ ብቻ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ መሪ። አንዱ በረዶ ላይ የቆሙ ባዶ መኪኖች። ከሁሉ የምወደው ጥቁሩን ነው፣ የጭነት መኪኖቹን፤ የእኔ 41ኛው ነው። ከመሃሉ አለፍ ብሎ ዝናብ ላይ የቆመ ትልቅ መኪና አለ፤ ከጎኑ አንድ ሰው ተንበርክኮ ጎማ ይፈታል። ጀርባው ነው የሚታየው፣ እጆቹ ብረቱ ላይ ናቸው። ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ ነጭ ነው፣ ባዶ። ለምን ባዶ እንደተዉት አይገባኝም፤ ወረቀት ተርፏቸው ይሆናል። ስንት መጽሐፍ አገላበጥኩ፤ ሾፌር አለ፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ አለ፣ መኪና ላይ የተደገፈች ቆንጆ አለች። ጎማ የሚፈታ ሰው ያለበት ይሄ ብቻ ነው።

ችግሩ መጽሐፎቹ እኔ ጋ አይደሉም። ዓይኔ ተዘጋ፣ ነገ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

መብራት የለም። ኮምፕረሰሩ ተጋድሞ ውሏል፤ በእጅ ፓምፕ ነፋሁ። ሦስት ባጃጅ፣ አንድ አይሱዙ። ወገቤ ወገብ መሆኑን ትቷል።

እንዴት ዓርብ ሳይደርስ መጽሐፉን ላምጣ ብዬ ሳስብ መጽሐፎቹን ያስቀመጠችልኝ ሆዳን ራሷ ደወለች። የሰማኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

«ወላል በቀለ» አለች። ወንድሜ ማለቷ ነው። «ቅዳሜ ወደ ሀርሺን እሄዳለሁ። ዓረፋን ከልጄ ጋ ነው የማደርገው፣ ከዚያ በኋላ አልመለስም። ቤቱን ለቅቄያለሁ። አማናህን ውሰድ። ነገ፣ ምስክር ይዘህ።»

አማና የምትለው አደራውን ነው። እሺ አባዮ አልኳት፣ እህቴ ማለት ነው በእነሱ። ስልኩን ዘግቼ ቸርኬ ላይ ተቀመጥኩ።

በ2010 ክረምት ጅጅጋ ስትታመስ የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። ፊደሉ አለኝ፣ ጉልበቱ የለኝም። ሙክታር፣ የሆዳን ባል፣ የሾፌርነት ጓደኛዬ ነበር። ሚኒባሱን በጓሮ በር አስጠግቶ እኔንና ሚስቴን አልማዝን ወደ ቤቱ ወሰደን። ሆዳን ልጆቿን መሬት ላይ አስተኝታ አልጋ ለቀቀችልን። ሰው ስለ ቤቱ ያለቅሳል፤ እኔ መጽሐፎቼን ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በናይለን ክር ሰፍቼ፣ በጥድፊያ ረስቼው ስለመጣሁ ስለ እነሱ አለቅስ ነበር። ሙክታር ሲታዘበኝ ሲታዘበኝ ቆየና ተመልሶ ሄዶ ጆንያውን በትከሻው አመጣው። በኋላ ሱቄ ስመለስ ኮምፕረሰሩም የለም፣ ጎማውም የለም። መጽሐፎቹ ግን ሙክታር ዕቃ ቤት ነበሩ።

ያኔ ለምን አላመጣኋቸውም? የተከራየናት ክፍል ታፈስ ነበር። ይቆዩልኝ አልኩት። «አማና ነው፣ ሺህ ዓመትም ይቆያል» አለኝ። ከዚያ ታመመ። ከዚያ ሞተ። ሐዘን ቤት ሄጄ መጽሐፌን ስጪኝ ልበላት? ከሐዘኑ በኋላስ? ደጋግሜ አስቤ ደጋግሜ ተውኩት። መጠየቅ ማለት አላመንኩሽም ማለት ይመስላል። እሷም መልሳ ብትልክልኝ ጠብቄ ሰለቸኝ ያለች ይመስላል። እንዲህ ተከባብረን ተቀመጥን።

አልማዝ ስነግራት፣ «ከስንት ዘመን አንድ ቀን እንኳ ከፍታ አናፍሳው ይሆን?» አለች። እኔን ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ሆዳንን አውቃታለሁ። የሰው አደራ አትከፍትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

በእሷ በኩል ምስክር አው ዩሱፍ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ቁርዓን የሚያስተምሩ አዛውንት። በእኔ በኩል ወርቁ። ለምን ወርቁን? በዓይኑ አይቶ ዓርብ ክፍል ውስጥ እንዲያፍር። ብልጥ ነኝ ብዬ ነው።

ቤቱ ባዶ ነው፣ ዕቃው ታስሯል። ጆንያው ምንጣፍ ላይ ለብቻው ቆሟል። ክሩ የራሴ ነው፣ ሰማያዊ። አንድ ስፌት አልተነካም። ሆዳን፣ «ሙክታር አልነካውም፣ እኔም አልነካሁትም። ወለል ስጠርግ ብቻ ነው የማነሳው» አለች። አንገቷ ቀና ብሏል፤ ኩራት ነበረበት አነጋገሯ። ያንን አንገት ሳይ እሷ ፊት መክፈቱን ፈራሁ።

ልውሰደውና ቤቴ እከፍተዋለሁ አልኩ። አይሆንም አለች። አው ዩሱፍም ራሳቸውን ነቀነቁ። አደራ የሚመለሰው ተከፍቶ ታይቶ ነው።

ክሩን በቢላ በጠስኩት። ሽታው ቀድሞን ወጣ።

የላይኞቹ ደህና ናቸው። አሸዋው ደህና፣ መሪው ደህና፣ በረዶው ዳሩ ሻግቷል። ወደ ታች በሄድኩ ቁጥር እጄ እየረጠበ ሄደ። በግንቦቱ ዝናብ የዕቃ ቤቱ ሲሚንቶ ከሥር ውሃ ሲስብ ከርሟል። የምወደውን ከሁሉ አስቀድሜ ስለከተትኩ ከሁሉ በታች የተቀመጠው እሱ ነው። ጥቁሩ። አንስቼ ልገልጠው ስል አልተገለጠም። ገጾቹ ተጣብቀው ጡብ ሆኗል።

ሆዳን በሻሿ አፏን ያዘች።

አው ዩሱፍ አማርኛ እምብዛም አይናገሩም፤ ይህን ግን በአማርኛ ነው የጠየቁኝ። «በቀለ፣ አማናህ ደርሶሃል? የጎደለ አለ?»

አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም፤ የምታየው ወለሉን ነው፣ ስትጠርገው የኖረችውን።

«ደርሶኛል። ምንም አልጎደለም» አልኩ። እንደ ሁልጊዜው በዚያ አልቆምኩም። «ሽታው ነው? ብርቅ መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚሸተው፤ የማይሸተው ርካሹ ነው። ገጹም ሆን ተብሎ ነው የሚጣበቀው፣ ማንም እየመጣ እንዳያገላብጠው። በዚህ ነገር ላይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም።»

በሕይወቴ ስንት ጉራ ነፍቻለሁ። የዛሬውን ያህል የከበደኝ የለም።

ከዚያ ወርቁን አየሁት። ይህን ሰው ለማሳፈር ነበር ያመጣሁት። አሁን አንድ ጊዜ ቢስቅ አለቀልኝ። ወርቁ ጡቡን ወሰደ፣ ገለበጠው፣ ኋላውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልክ ነው፣ እኔም በውትድርና ዘመኔ እንዲህ ያለ አይቻለሁ» አለ።

አው ዩሱፍ ዱዓ አደረጉ። ጆንያውን ባጃጅ ላይ ጭነን ወጣን። ወርቁ እስከ ሱቄ ሸኘኝ። ሲወርድ፣ «በቄ፣ የዛሬው ጉራህ ደህና ነበር» ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ጠዋት ብቻዬን ሞከርኩ። አንዱን ገጽ በጥፍሬ ያዝኩና ሳብኩት። ቀይ የጭነት መኪና ነበር፤ ግማሹ ቀረ፣ ግማሹ ጣቴ ላይ መጣ። ጎማ እንዲህ አድርጌ ብፈታ ደንበኛዬ በብረቱ ነበር የሚለኝ። ጨርቅ ሸፈንኩበትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሥራም አልነበረም። ዝናብ።

ከቀትር በፊት ሆዳን መጣች። እርጥብ ሻሽ፣ በእጇ የክር ጥቅል። የሴት ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ያለ ክር አይታይም። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ወላል፣ ለአው ዩሱፍ ዋሸህ፣ እሺ። ለእኔ አትዋሽ።»

«ምኑን?»

«የሙክታር ሚስት ነኝ። ሙክታር ስንት ጊዜ ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ‹በቀለ ጎማ የሚፈታ ሰው ሥዕል አለው፣ ስገልጥበት እንኳ እጅህን ታጠብ ይለኛል› ይል ነበር። እጅህን ታጠብ የሚባልበት መጽሐፍ እንዲህ አይሸትም።»

ዝም አልኩ። ለእኔ ከባድ ሥራ ነው።

«ሳልከፍተው ጠበቅኩት» አለች። «ባልጠብቀው ይሻል ነበር። ብከፍተው ሌባ እሆናለሁ ብዬ ነው። ከፍቼ ፀሐይ ላይ ባሰጣው ኖሮ…»

«እኔም ብጠይቅሽ ኖሮ» አልኳት።

ሁለታችንም እዚያ ላይ አቆምነው። ከዚያ በላይ ብንሄድ እናለቅስ ነበር፣ ደጄ ላይ ደግሞ ባጃጅ ነጂ ቆሞ ጎማዬን እያለ ይጮሃል።

የእሷ ሐሳብ ክሩ ነው። ቀጭኑን ናይለን በሁለት ገጽ መሃል አስገብታ፣ አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን፣ ቀስ እያልን ወደ ታች እንደ መጋዝ እንስበዋለን። ብቻውን ሰው አይችለውም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የእኔ ሐሳብ ዱቄቱ ነው። ከመነዳሪ፣ ማለት ውስጠኛው ላስቲክ፣ ከላይኛው ጎማ ጋር እንዳይጣበቅ የምንነሰንሰው ነጭ ታልክ አለ። ገጹ እንደተላቀቀ ታልክ እነሰንሳለሁ፣ ያን ጊዜ ተመልሶ አይያያዝም። አርጥበን፣ ስበን፣ ነስንሰን። አርጥበን፣ ስበን፣ ነስንሰን።

የመጀመሪያው ሲላቀቅ ከኮረብታ የሚወርድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ብቅ አለ፣ ሙሉ። የሁለታችንም እጅ ነጭ ሆኗል። ሆዳን ሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችው። ለካ ሶማሊኛ የሚጻፍበት ፊደል የፈረንጁ ነው! ሲበዛ ተናደድኩ። እኔ ስንት ማታ ተምሬ ስመጣ መጽሐፎቼ በሌላ ፊደል የተጻፉ ሆነው ቆዩኝ፤ እሷ ቁጭ ብላ ታነባቸዋለች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቋንቋው የእነሱ ነው።»

እሷ ፊደሉን ታውቃለች፣ ቋንቋውን አታውቅም። እኔ መኪናውን አውቃለሁ፣ ፊደሉን አላውቅም። ሁለታችን ተደምረን አንድ አንባቢ አልሆንንም። ሳቀች፤ ስትስቅ ስሰማ ከሙክታር ሞት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እስኪመሽ ሩቡን ከፈትን። ጥቂት ተቀደደ፣ አብዛኛው ተረፈ። ስለ ወገቤ አላወራም።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

በጠዋት መጣች። ወደ ጁምዓ ሄዳ ተመለሰች። አልማዝ ምሳ አመጣችልን፣ ሦስታችን ጎማ ላይ ተቀምጠን በላን። አልማዝ አፍ የላትም ትባላለች፤ ዛሬ ግን፣ «እሱ ስለ መጽሐፉ ሲያወራ አልሰማውም ነበር፤ ሬዲዮ ይመስለኝ ነበር» ብላ ሆዳንን አሳቀቻት። በእኔ ላይ ሁለት ሆኑብኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የሰውየው ገጽ ላይ ደረስን። ከዚህ በፊት ያለውን ገጽ ስለማውቀው አወቅኩት፤ ድልድይ ነው። ክሩን አስገባን። አልሄደም። እንደገና አረጠብን። ክሩ አንድ ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። ጥግ ላይ በተላቀቀው በኩል ስንመለከት ነጩ ገጽ ላይ ጥቁር ነገር ታየ። ቀለሙ ወደ ባዶው ገጽ እየሄደ ነው።

ሆዳን፣ «ይሄ ዛሬ አይሆንም። እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይደር» አለች።

ክፍሉ የሚጀምረው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቴን አየሁ፣ አየችኝ። ስለ ማታው ንባብ አልማዝ ነግራታለች፤ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም።

«ከፈለግህ እንሳበው» አለች። «መጽሐፉ ያንተ ነው።»

ይህን ስትል ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር፣ ጣቶቿ ግን ክሩን እንደ መቁጠሪያ ይቆጥሩታል። ብንስበው ይቀደዳል። የሰውየው ጀርባ እንደዚያ ቀይ መኪና ጣቴ ላይ ይመጣል። እኔ ክፍል ገብቼ ቅዳጁን አሳይቼ፣ አያችሁ ነበረ እላለሁ። እሷ ደግሞ ነገ ሀርሺን ስትደርስ የምታወርደው ዕቃ ይሄ ይሆናል፤ «የሙክታርን አማና አበላሽቼ መጣሁ» የሚል።

«ይደር» አልኩ።

አልማዝ የአሸዋውን ውሰድ አለችኝ። ጎሚስታ የለበትም። ቃል የገባሁት ጎሚስታውን ነው። ባዶ እጄን ሄድኩ።

ወርቁ ሜዳሊያውን አብርቶ መጥቷል። ሴትዮዋ ዲፕሎማውን በፕላስቲክ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና፣ «አላመጣሁም» አልኩ። ከኋላ አንዱ «አርባውንም?» አለ። ሳቁ። «አርባ አይደሉም፣ ሰባት ናቸው» አልኩ። ይህን ስል ከሳቁም የባሰ ዝም አሉ። ከእኔ አፍ ቁጥር ሲቀንስ ሰምተው አያውቁም።

መምህርት ሰናይት፣ «የጻፉትን ያንብቡልን» አለች። አነበብኩ። እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ «ዝናብ አለ። መኪናው ትልቅ ነው። ሰውየው ተንበርክኳል። ፊቱ አይታይም፣ ሥራ ላይ ነው። ሾፌሩ የት እንዳለ አላውቅም፣ ምናልባት ሻይ ይጠጣል። ሰውየው ግን ጎማውን ሳይፈታ አይነሳም።» አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ሳልንተባተብ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ጉራ አትበሉት፣ ሐቅ ነው።

ወርቁ ሳይጠራ ተነሳ። «መጽሐፉ አለ። እኔ ምስክር ነኝ። ጥቁር ነው፣ ኋላው ላይ ቁጥር አለው፣ አሁን ሕክምና ላይ ነው» አለና ተቀመጠ። ከዚያ በጆሮዬ፣ «ጎሚስታውን ግን አላየሁትም። ከሌለ አንተን አንበርክኬ ፎቶ አነሳሃለሁ» አለኝ።

ደክሞኛል። ክፉ ድካም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

አይሱዙው ሱቄ ደጅ ቆመ፤ አልጋ፣ በርሜል፣ ፍራሽ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ የተጫነ ጀሪካን። ሾፌሩ ሀርሺን በፀሐይ ልግባ፣ ነገ ዓረፋ ነው ብሎ ይነዘንዛል። የኋላ ጎማው ጎድሎበት ስለነበር እሱን ነፋሁለት፤ እንዲህ ሆኖ ዝም አለ።

ጨርቁን ፈታን። ገጹ ለስልሷል። ሆዳን ክሩን አስገባች፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። «ቀስ» አለች። «ቀስ» አልኩ። ማን ለማን እንደሚናገር አላውቅም። ክሩ ተንቀሳቀሰ። ተንቀሳቀሰ። ከታች ጫፍ ሲወጣ ሁለታችንም ክሩን ይዘን ቀረን፤ ለመግለጥ የደፈረ የለም።

እሷ ገለጠችው።

በቀኙ ገጽ ዝናቡ አለ፣ መኪናው አለ፣ የሰውየው ጀርባ አለ። እጆቹ ግን የሉም። ብረቱም የለም። ክንዱ ክርኑ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ነጭ ነው። በግራው፣ ባዶ በነበረው ገጽ ላይ፣ ሁለት እጅና አንድ ብረት ተገልብጠው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ጀርባው ወዲህ፣ እጁ ወዲያ። ምንም የተቀደደ የለም፤ ሥዕሉ ለሁለት ተካፍሎ ነው።

ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ፊቷን ማንበብ አቃተኝ፤ ይሄኛውን ፊደል ገና አልተማርኩም።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ናቸው ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ያለ ሌላ አለ ከእነሱ ውስጥ?»

«የለም። ከየት ይመጣል።»

«እንግዲያው ለአው ዩሱፍ ምንም አልጎደለም ያልከው ውሸት አልሆነም» አለች። ሻሿን አጣፋች። «እጁ ወዴት እንደሄደ እናውቃለን። ዝጋው፣ ቦታው ይገባል።»

ዘጋሁት። እውነቷን ነው። ሲዘጋ እጁ ክንዱ ላይ ያርፋል። ሰውየው ሙሉ የሚሆነው ሲዘጋ ነው፣ ሲዘጋ ግን አይታይም።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። የቀረውን የክር ጥቅል ጠረጴዛዬ ላይ ተወችልኝ። ገና ያልተላቀቁ ገጾች አሉ፤ ሌላኛውን ጫፍ ማን ይይዝልሃል አለችኝ። አልማዝ አልኩ። «አልማዝ ትችላለች» አለች። የአይሱዙው ጋቢና ከፍታው ከበዳት፤ ወገቤን ረስቼ ደገፍኳት።

«ሙክታር ቢኖር ይስቅ ነበር» አለችኝ ከላይ። ከዚያ ሄዱ። የነፋሁት ጎማ ደህና ይዟል፤ እስከ ማዞሪያው ድረስ አየሁት።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ዓረፋ። ሰፈሩ በሙሉ ሥጋ ይሸታል። ሥራ የለም። አው ዩሱፍ ቤት ሄጄ እንኳን አደረሳችሁ አልኩ፤ ኪሴን ሙሉ ሐልዋ አስያዙኝ።

ሆዳን ደወለች። ደርሳለች። ከኋላዋ ፍየልና የልጅ ጫጫታ ይሰማል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ደረቀ?» ብላ ነው። እየደረቀ ነው አልኳት።

ከሰዓት ወርቁ መጣ። ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ አይቼ፣ ጎሚስታ ቤት ጫማ አይወልቅም አልኩት። እጁን ግን አስታጠብኩት። መጽሐፉን አየው። ብዙ ቆየ። ስድብ የሚፈልግ መሰለኝ።

«እጁ የት ሄደ?» አለ።

አሳየሁት። ከዚያ ዘጋሁት። «አሁን ሙሉ ነው» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ» አለ፣ የቀረውን አልጨረሰውም። ሲወጣ ግን ለመምህርቷ እሱ ራሱ ደውሎ እንድትመጣ ሊነግራት ቃል ገባልኝ። ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ወደ አገሯ ለክረምት ልትሄድ ዕቃዋን እያሰረች ነው አሉ።

አሁን መጽሐፉ ሁለት ቸርኬ መሃል ተከፍቶ ተቀምጧል። ተከፍቶ እንዲቆይ ካደረግሁት ሰውየው ለሁለት እንደተከፈለ ይኖራል። ዘግቼው ከተውኩት ደግሞ ክረምቱ መጣ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ ታውቋል፣ ተመልሶ ይጣበቃል። ብዙ አሰብኩበት። ወገቤም ተኛ ተኛ ይለኛል።

ታልኩን በሁለቱም ገጽ ላይ ደህና አድርጌ ነሰነስኩና ዘጋሁት። ለዛሬ ከእጁ ጋር ይደር። ነገ ጠዋት ሱቅ ስከፍት እሱንም እከፍተዋለሁ። አሁን የማንም አደራ አይደለም፤ መክፈት እችላለሁ።